ቀይ ቀበሮዋ ከማዶ ስትጮህ ማን እንደሆነች ያውቋታል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ባለፈው ጥቅምት ከጓደኞቼ ጋር ባሌ ተራሮች ሄደን ነበር። ወብ ሸለቆ አጠገብ ድንኳን ተክለን አደርን። ሊነጋጋ ሲል አንዲት ቀይ ቀበሮ ከሩቅ ጮኸች። ትንሽ ቆይቶ ከሌላ አቅጣጫ ብዙ ሆነው መለሱላት። አብረውን የነበሩት አስጎብኚ ‹የነሱው ናት፤ በድምፅዋ አውቀዋት ነው› አሉን። እውነት ነው ወይስ ለእንግዳ የሚነገር ወሬ? የዱር እንስሳት አንዱ ሌላውን በድምፅ ብቻ ይለያል?»

አይ፣ ወሬ አይደለም። አስጎብኚዎ ያሉት ነገር መሠረት አለው። ግን «አውቀዋት ነው» የምትለዋ አባባል ሁለት ነገር አንድ ላይ ጠቅልላለች። እነሱን መለየት አለብን።

አንደኛው፣ እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ መለያ ያለው ድምፅ አለው ወይ የሚለው ነው። ሌላው፣ ሰሚው ያንን መለያ ይጠቀምበታል ወይ የሚለው ነው። መታወቂያ ኪስ ውስጥ መኖሩና በር ላይ የቆመው ጥበቃ መታወቂያውን ማንበቡ አንድ አይደለም። መታወቂያው እንዳለ በብዙ የውሻ ዘር እንስሳት ላይ ታይቷል። ጥበቃው ማንበቡን ማሳየት ግን አድካሚ ነው። እንስሳውን «ማን ናት የጮኸችው?» ብለን አንጠይቀው ነገር!

ከመታወቂያው ልጀምር።

ድምፅ የሚፈጠረው አየር ከሳንባ ሲወጣና የድምፅ አውታሮችን ሲያንቀጠቅጥ ነው። አውታሮቹ ረጅምና ወፍራም ከሆኑ ድምፁ ይወፍራል። አጭርና ቀጭን ከሆኑ ይቀጥናል። ከዚያ ድምፁ በጉሮሮ፣ በአፍና በአፍንጫ ያልፋል። እዚያም እንደ ሰውነቱ ቅርፅ የተለየ ቀለም ይይዛል። ሁለት እንስሳት አንድ ዓይነት ጉሮሮ የላቸውም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ድምፅም የላቸውም። እናትዎ ስልክ ላይ «ሃሎ» ሲሉ ስማቸውን እስኪነግሩዎት አይጠብቁም አይደል? ነገሩ ያው ነው።

የውሻ ዘሮች ግን ከዚህ በላይ አንድ ነገር አላቸው። እሱም ማላዘን ነው። ሲያላዝን የሰሙት ውሻ ድምፁን ይጎትተዋል፣ ከፍ ያደርገዋል፣ ያወርደዋል። የተኩላ አንድ ልቅሶ 10 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። መሠረታዊ ድምፁ ከ150 እስከ 1,000 ሄርዝ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ የሚለካበት) ገደማ ባለው ውስጥ ይጓዛል። ይህ የሰው ድምፅም በደንብ የሚሰማበት ክልል ነው። በዚህ ረጅም ጉዞ ውስጥ እያንዳንዱ ተኩላ የራሱ አካሄድ አለው። አንዱ ከታች ተነሥቶ ቶሎ ይወጣል። አንዱ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሌላው መሐል ላይ ድምፁን ይሰብራል። እኔ መጀመሪያ ቅጂዎችን ሳዳምጥ ሁሉም አንድ ይመስሉኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ «ይሄ ያ ሰባሪው ነው» ማለት ጀመርኩ። ልምድ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከ10 ዓመት በፊት ገደማ በእንግሊዝ የኖቲንግሃም ትሬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በኮምፒውተር ፈተሹት። በአጥር ውስጥ ከሚኖሩ 6 ተኩላዎች 89 ልቅሶ ቀዱ። የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ብቻ ሳይሆን ጉልበቱ ከሰከንድ ሰከንድ እንዴት እንደሚለዋወጥ ጭምር ለኩ። በተሻለው ዘዴያቸው ኮምፒውተሩ አንዱንም ሳይስት ለየ። ቀጥለው በዱር የተቀዱ ልቅሶዎችን ሞከሩ። ብቻውን ያላዘነውን ተኩላ አሁንም በሙሉ ለዩ። ተኩላዎቹ አንድ ላይ ሲያላዝኑ ደግሞ ውጤቱ 97 በመቶ ገደማ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጮሁ እንኳ ያን ያህል!

እንግዲህ መታወቂያው አለ። ማን ያነበዋል?

የስፔን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ዘዴው ቀላል ነው። ለተኩላዎች የአንድን ተኩላ ልቅሶ ደጋግመህ በድምፅ ማጉያ ታሰማቸዋለህ። መጀመሪያ ጆሯቸውን ያቆማሉ፣ ይነሣሉ፣ ያያሉ። ሲደጋገም ይሰለቻቸዋል። ጎረቤት የሚቀጠቅጠውን ምስማር እንደምንለምደው ማለት ነው። ከሰለቻቸው በኋላ የሌላ ተኩላ ልቅሶ ታስገባለህ። ጆሮ እንደገና ከቆመ፣ ልዩነቱን ሰምተዋል። ተኩላዎቹም የሚያውቁትንና የማያውቁትን ድምፅ ለዩ።

እኔን የሳበኝ ሌላው ክፍል ነው። ተመራማሪዎቹ ልቅሶዎቹን በኮምፒውተር ነካኩ። የድምፁን ቅጥነት ሲቀይሩ ተኩላዎቹ ነቁ። የአወጣጡንና የአወራረዱን ቅርፅ ሲቀይሩም ነቁ። ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ የሚደራረቡትን ድምፆች፣ ማለትም ሃርሞኒክስ የሚባሉትን፣ ሲነካኩ ግን ግድ አልሰጣቸውም። ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ ጫካና ንፋስ መጀመሪያ የሚበሉት እነዚያን ቀጫጭን ድምፆች ነው። 5 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሰማ እንስሳ መንገድ ላይ በሚቀር ነገር ላይ አይተማመንም። ዜማው ግን ይደርሳል።

የኛ ገበሬ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ማዶ ያለውን ጎረቤት ሲጠራ በፍጥነት አያወራም። «ኧረ አንተ እገሌ ሆ-ኦ-ኦይ!» እያለ ይጎትተዋል። የቃሉ ጥርት ያለ ድምፅ በሸለቆው መሐል ይጠፋል። ዜማው ግን ማዶ ይደርሳል። ማዶ ያለውም ሰው ቃሉን ሳይሰማ «ያ እገሌ ነው የሚጣራው» ይላል።

በአሜሪካ ኮዮት የሚባለው ትንሹ የተኩላ ዘመድ ይህን በደንብ ያሳያል። ኮዮት ይጮኻል፣ ያላዝናልም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ሁለቱንም ከተለያየ ርቀት ቀድቶ አነጻጸረ። የልቅሶው መለያ 1 ኪሎ ሜትር ተጉዞም አልጠፋም። የአጭሩ ጩኸት መለያ ግን በርቀቱ እየሟሸሸ ሄደ። የተመራማሪዎቹ ግምት ጥሩ ይመስለኛል፦ ጩኸቱ «ስማኝ!» ነው፣ ምናልባትም ምን ያህል እንደሚርቅ ማሳወቂያ ነው፤ ልቅሶው ደግሞ «እኔ ነኝ» ነው። ሌሊት በር የሚያንኳኳ ሰውስ መጀመሪያ አንኳኩቶ ቀጥሎ አይደል «እኔ ነኝ» የሚለው?

እዚህ ላይ አንድ ሰው ይሞግተኛል። «ተኩላ በድምፅ የሚለይ ከሆነ ለምን ሰው ሲያላዝንለት ይመልሳል?» ይላል። ጥሩ ሙግት ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ አልጎንኩዊን በሚባለው ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ጎብኚዎች ሌሊት ይሰበሰባሉ፣ ሠራተኞቹ ያላዝናሉ፣ ተኩላዎቹም ብዙ ጊዜ ይመልሳሉ። ሠራተኞቹ ሰው መሆናቸው ለሰው ጆሮ እንኳ ግልጽ ነው።

መልሱ፣ ተኩላ የሚመልሰው ለሚያውቀው ብቻ አይደለም። ለማያውቀውም ይመልሳል፤ ምናልባትም የበለጠ ምክንያት አለው። በሚኒሶታ ጫካ ፍሬድ ሃሪንግተንና ዴቪድ ሜች የተባሉት ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ራሳቸው እያላዘኑ የተኩላዎችን ምላሽ ሲመዘግቡ ከርመዋል። የገደሉትን ሥጋ ገና ያልጨረሱ መንጋዎች ይበልጥ መለሱ። ትልልቅ መንጋዎችም እንዲሁ። ብቻውን የሚዞር ተኩላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ምክንያቱ አይጠፋዎትም። ደጋፊ የሌለው ሰው በማያውቀው ሠፈር ውስጥ አይጮህም። እንግዲህ «እንግዳ መጥቷል» ብሎ መመለስና «የኛ ሰው ነው» ብሎ መመለስ ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። ከውጭ ስንሰማቸው አንድ ይመስላሉ።

ሃሪንግተን በኋላ አንድ ሌላ ነገር አየ። ተኩላ ተቆጥቶ ወደ ድምፁ ሲጠጋ ልቅሶው ይወፍራል። ይህ ነገሩን ያወሳስበዋል። ድምፁ በስሜት የሚለወጥ ከሆነ መለያው ውፍረቱ ላይ ብቻ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ውፍረቱ ሲለዋወጥ ቅርፁ መቆየት አለበት። እርስዎም ወንድምዎ ተቆጥቶ ሲጮህ፣ ጉንፋን ይዞት ሲያወራ፣ ስቆ ሲናገር ያው ወንድምዎ ነው። ጆሮ የሚይዘው ከስሜት በታች ያለውን አካሄድ ነው።

አሁን ወደ ወዳጅነት ልለፍ። ከሁሉም የምወደው ሙከራ እሱ ነው።

ኦስትሪያ ውስጥ ኤርንስትብሩን በሚባል ቦታ የተኩላ ምርምር ማዕከል አለ። ተኩላዎቹ በሰው እጅ ያደጉ ስለሆኑ በገመድ ተይዘው ይንሸራሸራሉ። ተመራማሪዎቹ አንድ ተኩላ ይዘው ከመንጋው ለ45 ደቂቃ ያህል ይወጡ ነበር። የቀሩት ስንት ጊዜ እንደሚያላዝኑ ቆጠሩ። ምራቃቸውንም ወስደው የጭንቀት ሆርሞን ለኩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። የወጣው አለቃቸው ከሆነ ብዙ አላዘኑ። የወጣው የቅርብ ወዳጃቸው ከሆነም ብዙ አላዘኑ። ጭንቀታቸው ግን ይህን አላብራራም። ማለትም ልቅሶው ዝም ብሎ ከድንጋጤ የሚወጣ አይደለም። ማን እንደጎደለ ያውቃሉ፤ ለማን እንደሚጮሁም ይመርጣሉ። ይህ ሙከራ በቀጥታ ስለ ድምፅ መለየት አይደለም። ግን አንድ እንስሳ «ወዳጄ ማን ነው» የሚል ዝርዝር በጭንቅላቱ ከያዘ፣ ከሩቅ የሚመጣን ድምፅ ከዚያ ዝርዝር ጋር ለማመሳከር በቂ ምክንያት አለው።

ተኩላ ብቻ አይደለም። በቤሪንግ ባሕር፣ በሩሲያዋ ሜድኒ ደሴት የሚኖሩ የዋልታ ቀበሮዎች በድምፅ ማጉያ ተፈትነው የቤተሰባቸውን ጩኸት ከጎረቤት ጩኸት ለይተዋል። የአፍሪካ የዱር ውሻም፣ ያ ዝንጉርጉሩ፣ በአገራችንም ጥቂት የቀረው፣ ከመንጋው ሲለይ «ሁ… ሁ…» የሚል ለስላሳ ጥሪ አለው። የያንዳንዱ ጥሪም ይለያል። የእስያ ዱር ውሻ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ያወጣል፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ እንደ ፉጨት ቀጭን። የሩሲያ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ሁለቱ አብረው ሲወጡ ባለቤቱን መለየት ይቀላል። ስምና የአባት ስም አንድ ላይ እንደ መጥራት ነው። አንድ «አበበ» ብቻ ብትል ስንቱ ይዞራል!

አስተያየት የምትጽፉ ሰዎች ስለ ጅብ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ሁሌም ትጠይቁኛላችሁ። ጅብ የውሻ ዘር አይደለም፤ ዝምድናው ለድመት ወገን ይቀርባል። ግን የሌሊት ጥሪውም መለያ አለው። በኬንያ የተደረጉ ሙከራዎች እናት ጅብ የራሷን ግልገል ጥሪ ስትሰማ ለይታ እንደምትነቃ አሳይተዋል። ጅብ ያንኑ ጥሪ የሚደጋግመውም በከንቱ አይደለም። መደጋገሙ ባለቤቱን ለመለየት ይረዳል። አሁን ወደ ባሌ እንመለስ።

ቀይ ቀበሮ ስሟ ቀበሮ ይሁን እንጂ ዘሯ ለተኩላ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው የዘረመል ጥናት ይህን አሳየ። ኑሮዋ ደግሞ ለድምፅ ጥናት የተፈጠረ ይመስላል። ቀን ቀን ሁሉም ለየብቻው አይጥና ፍልፈል ያድናል። በአንድ መንጋ በአማካይ 6 የደረሱ ቀበሮዎች አሉ፤ እስከ 13ም ይደርሳሉ። ምግብ በሞላበት የባሌ ክፍል የአንድ መንጋ ግዛት 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ቀኑን ሙሉ ተበትኖ ይውላል። ማለዳና ማታ ግን ይሰበሰባሉ፣ ይሳሳማሉ ማለት ይቻላል፣ ከዚያ አብረው ድንበራቸውን ይዞራሉ። ያንን ስብሰባ የሚጠራው ድምፅ ነው። አንዲት ብቸኛ ቀበሮ ስታላዝን እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ልትሰማ ትችላለች። ግዛቱን አልፎ የጎረቤት መንጋ ጆሮ ይደርሳል ማለት ነው። የአንዱ መንጋ ጩኸት የጎረቤቱንም እንደሚያስነሣ ታይቷል።

ስለዚህ በዚያ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር ጆሮ በየማለዳው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። የኛ ናት? የነዚያ ናት? ወይስ የማትታወቅ? ይህ ጥያቄ ዋጋ ያስከፍላል። ድንበር ላይ ሁለት መንጋ ሲገናኝ በጩኸት የታጀበ ግጭት ይነሣል፤ ሁልጊዜም የሚሸሸው ቁጥሩ ያነሰው ነው። የጎረቤት ወንድ ደግሞ ጠላት ብቻ አይደለም። በባሌ እስከ 70 በመቶ የሚሆነው መራከብ ሴቷ ከጎረቤት መንጋ ወንድ ጋር የምታደርገው ሆኖ ተመዝግቧል። (አዎ፣ ተራራው ላይም ጉድ አለ።) እንዲህ ባለ ሠፈር ድምፅ መለየት ትርፍ ነገር አይደለም።

ጊዜውም ይረዳል። እርስዎ የሰሙት ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ደጋው ላይ ንፋስ የለም። መሬቱ ሌሊቱን ቀዝቅዟል፣ ከላይ ያለው አየር ሞቅ ይላል። ድምፅ ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ ወደ መሬት እየታጠፈ ይጓዛል። ቀትር ላይ ተመሳሳይ ጩኸት ግማሹን መንገድ ላይሄድ ይችላል። ባሌ ውስጥ ባለው የሰነቴ አምባ ላይ ከሰዓት በኋላ መቅጃ ይዞ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቃል። ከንፋስ በስተቀር የሚቀዳው የለም። እኔ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ተቀምጬ ሙሉ ቅጂዬ «ፉ… ፉ…» ብቻ ሆኖ ያውቃል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከላይ የጠቀስኳቸው የጆሮ ሙከራዎች በአብዛኛው የሚያሳዩት «ይህ የማውቀው ነው፣ ይህ የማላውቀው ነው» ብሎ መለየትን ነው። «ይህቺ እህቴ ናት፣ ያቺ እናቴ ናት» ብሎ አንድ በአንድ መለየት ከዚያ ከፍ ያለ ደረጃ ነው። ጥበቃው «የግቢው ሰው ነህ፣ ግባ» ማለቱና ስምህን ጠርቶ ሰላም ማለቱ ይለያያል። የኦስትሪያው ሙከራ ሁለተኛውን ወደ ማመን ይገፋኛል። እኔ በግሌ ቀይ ቀበሮዎቹ ስም ጠርተው ሰላም ከሚሉት ወገን ናቸው ብዬ አስባለሁ። ከ6 የቤተሰብ አባል አንዱን አለመለየት ይከብዳል እንጂ መለየት አይከብድም።

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል ለሚለው፣ ለቆጠራ ይጠቅማል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 መጥቶ ብዙ ጨርሷል። በሽታ ሲገባ ማን እንደጎደለ ቶሎ ማወቅ ለክትባቱ ሥራ ወሳኝ ነው። እንስሳውን ሳይይዙ፣ አንገቱ ላይ ምንም ሳያስሩ፣ ድንጋይ ሥር በተቀመጠ መቅጃ «ዛሬ 4ቱ ጮኸዋል፣ አምስተኛዋ ግን ከሰኞ ጀምሮ አልተሰማችም» ማለት መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ስለ አስጎብኚዎ። «በድምፅዋ አውቀዋት ነው» ያሉት ስለ ቀበሮዎቹ ነው። እኔ ግን እሳቸውስ በምን አወቁ ብዬ አሰብኩ። በዚያ አካባቢ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች መንጋዎቹን በመልክ፣ በጭራቸው ነጭ፣ በጆሮ ቁስላቸው ያውቃሉ። ማታ ሲሰበሰቡ አይተው ቆጥረው ይሆናል። አንዷ ሳትመጣ አድራ ይሆናል። ማለዳ ከማዶ ድምፅ ሲመጣ ያቺ የጎደለችው መሆኗን ከቀበሮዎቹ ጋር አብረው ገምተዋል ማለት ነው። ስልካቸው ካለዎት ደውለው ይጠይቁልኝ፦ ያን ማታ ስንት ነበሩ?